አሳይቶ ማስጨነቅ፦ ከአንድ ወር የልብ አንጠልጣይ ፊልሞች በኋላ

(ይህ ጽሑፍ ብሔራዊ ቴአትር አቅራቢያ በሚገኝ አንድ አዳራሽ ለወጣት የፊልምና የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊዎች የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ በዚህ ዝናብ መጥታችሁ አዳራሹን ስለሞላችሁት ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የመጣሁት አንድ ነገር ልሟገት ነው። ልብ አንጠልጣይ ድርሰት የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋና ሥራው መደበቅ ይመስለዋል። ገዳዩን ይደብቃል፤ የግድያውን ምክንያት ይደብቃል፤ የገጸ ባሕርያቱን ያለፈ ሕይወት ይደብቃል። መጨረሻ ላይ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይዘረግፍና ተመልካቹ አፉን ይዞ እንዲቀር ይጠብቃል። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ተመልካችን ከመቀመጫው እንዳይነሣ የሚያደርገው የተነገረው ነገር ነው። በጊዜ የተነገረው፣ እያወቀ ምንም ሊያደርግበት የማይችለው ነገር ነው የሚያስጨንቀው።

ይህ እምነት ድሮም ነበረኝ፤ ያጸናልኝ ግን ያለፈው ሐምሌ ነው። ለምጽፈው ተከታታይ ድራማ ይረዳኛል ብዬ ወሩን ሙሉ ከወንጀል ነክና ከልብ አንጠልጣይ ሥራዎች በቀር ምንም ላላይ ወሰንኩ። ሰባ ደረጃ አካባቢ ባለው ቤታችን ማታ ማታ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ስቀመጥ መጀመሪያ ቤተሰቡ ተከተለኝ፤ ቀጥሎ ጎረቤት ተጨመረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፅ መስማት እያቃተን ወንበሮቻችንን ወደ ቴሌቪዥኑ እየጎተትን እናይ ነበር። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ዕድሜያቸውን በወንጀል ምርመራ ሥራ ያሳለፉ፣ አሁን በጡረታ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በድሮ ማዕረጋቸው «ሻምበል» እያለ ነው የሚጠራቸው። ዛሬ ከምናገረው ውስጥ ብዙው ከእርሳቸው ጋር ስንከራከር የተገኘ ነው።

ከእንግሊዛዊው የፊልም ዳይሬክተር ከአልፍሬድ ሂችኮክ ልጀምር። ከእርሱ የማይጀምር ስለዚህ ዘውግ የሚናገር ሰው አላውቅም፤ እኔም ሌላ መነሻ አልፈለግኩም። እ.ኤ.አ. በ1962 ፈረንሳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ትሩፎ ስለ ሥራዎቹ ለቀናት ቁጭ አድርጎ ጠይቆት ነበር፤ ያ ቃለ ምልልስ በኋላ መጽሐፍ ሆነ። እዚያ ላይ ሂችኮክ የሰጠው ምሳሌ ይህ ነው። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ተራ ወሬ ያወራሉ። ከጠረጴዛው ሥር ቦምብ አለ። ተመልካቹ ስለ ቦምቡ የማያውቅ ከሆነ ሲፈነዳ ይደነግጣል፤ ድንጋጤው ዐሥራ አምስት ሴኮንድ ነው። ቦምቡ ሲጠመድ ያየ ከሆነ፣ የሚፈነዳበትን ሰዓት ያወቀ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር የሚያይ ከሆነ ግን ያ ተራ ወሬ ሊቋቋሙት የማይቻል ይሆናል። «ምን ታወራላችሁ፣ ተነሡ እንጂ!» ብሎ ሊጮህ ይደርሳል። ጭንቀቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይዘልቃል።

ይህን ወደ እኛ ቤት እናምጣው። እኛ የግድግዳ ሰዓት መስቀል አያስፈልገንም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለን። ጎረቤት ተሰብስቦ ቡና ይጠጣል። አንድ ሰው በረካው ሳይቀዳ በር እንደሚንኳኳ፣ የሚያንኳኳው ማን እንደሆነ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለተመልካቹ አስቀድሞ ተነግሮታል። ቡና የምታፈላዋ ሴት ግን አታውቅም። ከዚያ በኋላ ጀበናው በተነሣ ቁጥር፣ ሲኒው በታጠበ ቁጥር፣ «ቶናውን ሳትጠጪ የት ትሄጃለሽ» በተባለ ቁጥር ተመልካቹ ትንፋሹን ይይዛል። ለዚህ ተኩስም፣ የመኪና ማሳደድም፣ ውድ ካሜራም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጸሐፊው ምን ነገር መቼ እንደሚናገር ማወቁ ነው። ይህን ትዕይንት በአማርኛ ድራማ ውስጥ ለማየት እናፍቃለሁ።

ሂችኮክ በቃል ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው «ቨርቲጎ» ከአንድ የፈረንሳይ ልቦለድ የተወሰደ ነው። በልቦለዱ ውስጥ ዋናው ምስጢር የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሂችኮክ ግን ፊልሙ ሊያልቅ ገና ብዙ ሲቀረው ምስጢሩን ለተመልካቹ ገለጠው፤ ዋናው ሰውዬ አሁንም አያውቅም። አብረውት ከሚሠሩት አንዳንዶቹ በዚህ አልተስማሙም ነበር። እኛም ቤት ያኔ ክርክር ተነሣ። የእኅቴ ልጅ «አለቀ እኮ፤ ከዚህ በኋላ ምን ይታያል?» ብሎ ሊነሣ ነበር። ሻምበል «ተቀመጥ፤ አሁን ነው የሚጀምረው» አሉት። እውነታቸውን ነው። ከዚያች ደቂቃ በፊት የምናየው አንድን እንግዳ ነገር ነበር። ከዚያች ደቂቃ በኋላ የምናየው ሁለት ሰዎችን ነው፤ አንዷ እንዳትታወቅ የምትፈራ፣ አንዱ ሳያውቅ ወደ እውነቱ የሚጠጋ። ሁለቱንም አዘንንላቸው። የተደበቀ ምስጢር ቢሆን ኖሮ ለማን እንደምናዝን እንኳ አናውቅም ነበር።

«ሳይኮ» ላይ ብዙ አልቆይም፤ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የሚገርመኝ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲወጣ ሂችኮክ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ ሲኒማ ቤቱ እንዳይገባ አዘዘ። ምክንያት ነበረው፤ ዋና ባለታሪክ የመሰለችን ሴት ፊልሙ ሳይጋመስ ትሞታለች፤ ዘግይቶ የገባ ሰው ሲፈልጋት ሊያመሽ ነው። እኛ አገር ሲኒማ መብራቱ ከጠፋ በኋላ በስልክ ባትሪ ወንበር የሚፈልግ ሰው ፊት ለፊቱ ያልቆመበት ተመልካች የለም። ለፊልም ሠሪው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ደቂቃዎች የሚያከብር ተመልካች ከሌለ እዚያ ውስጥ ፍንጭ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ፍንጭ ካልተቀመጠ ደግሞ መጨረሻው ከሰማይ የወረደ ይሆናል።

አሁን ወደ ቴሌቪዥን። ወሩን ከጀመርን በኋላ ሻምበል የወደዱት «ኮሎምቦ»ን ነው። የተከታታዩ የመጀመሪያ መደበኛ ክፍል የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን ያዘጋጀውም በዚያን ጊዜ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው ስቲቨን ስፒልበርግ ነው። ከሞላ ጎደል እያንዳንዱ ክፍል የሚጀምረው ግድያው ሲፈጸም በማሳየት ነው። ማን ገደለ? አይተነዋል። ለምን ገደለ? እርሱንም አውቀናል። ከዚያ በኋላ ፒተር ፎክ የሚጫወተው፣ ካፖርቱ የተጨማደደ መርማሪ ይመጣል። ፈጣሪዎቹ መርማሪውን ሲቀርጹ ዶስቶየቭስኪ በ«ወንጀልና ቅጣት» የፈጠረውን መርማሪ ፖርፊሪን አስበው ነበር፤ እዚያም ገዳዩን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን።

ሻምበልን ለምን እንደወደዱት ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ምርመራ እንደዚህ ነው» አሉኝ። «ሰው የሚመስለው እኛ ማን እንዳደረገው ለማወቅ የምንደክም ነው። ብዙ ጊዜ ማን እንዳደረገው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ድካሙ ዐቃቤ ሕግ ፊት የሚቆም ማስረጃ ማግኘቱ ላይ ነው። የምትጠረጥረው ሰው ወንበር ስቦልህ፣ ሻይ አስቀርቦልህ፣ እየሣቀ ሲያወራህ መታገሥ ነው።» ይህን ሲሉ የትኛውን ሰው እንዳስታወሱ አልጠየቅኳቸውም።

እዚህ ላይ ከራሳችን ቤት ምስክር ልጥራ። «ሰው ለሰው» ድራማ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ ስንቶቻችን ነን በቀጠሮ ወደ ቤት የምንሮጠው? አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልጠላ ማን አለ? አስናቀ ግን ለእኛ ምስጢር አልነበረም። ክፋቱን እናውቅ ነበር፤ የማያውቁት አብረውት ያሉ፣ የሚያምኑት ሰዎች ናቸው። የሚያስጨንቀንም ይኸው ነበር። በሚቀጥለው ቀን በታክሲ፣ በቢሮ፣ በቡና ላይ የነበረው ወሬ «ይህች ልጅ መቼ ነው የምትነቃው?» የሚል ነበር። የኢትዮጵያ ተመልካች ይህን አካሄድ አይወድም ለሚሉኝ አዘጋጆች መልሴ ይህ ድራማ ነው።

አክስቴም ሌላ ምስክር ናት። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ወደ አማርኛ ድምፅ ቀይሮ ካቀረባቸው የቱርክ ድራማዎች አንዱ «ጥቁር ፍቅር» ነበር። ፖሊሱ ኦመር እጮኛው ከአንድ ሀብታም ሰው ጋር መኪና ውስጥ ተገድላ ትገኛለች፤ እውነቱን ፍለጋ የሟቹን ልጅ ኤሊፍን ያገኛል። አክስቴ ያኔ ከኦመር ቀድማ ማንን መጠንቀቅ እንዳለበት ታውቅ ነበር፤ እያወቀች ለወራት ተቀመጠች። ዛሬም ድረስ የምታስታውሰው ኦመር የማያውቀውን እርሷ ማወቋን ነው። የፍቅሩ ታሪክ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣላት። ስለ ቱርክ ድራማ በጎ ያልሆነ ብዙ ተብሏል፤ አንዳንዱ ነቀፋ ትክክል ነው። ነገር ግን ተመልካቹን ያሰነበተው ጥበብ ምን እንደሆነ ሳናጠና መንቀፍ ብቻውን ለጸሐፊ አይጠቅምም።

በዚያ ወር ያየናቸው ሁሉ ጥሩ ነበሩ ማለቴ አይደለም። የሚያናድዱኝን በአጭሩ ላንሣ። ዋናው ባለታሪክ ሁሉንም ነገር በሕልሙ እንዳየው የሚያበቁ አሉ። በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ መንትያ ወንድም የሚያመጡ አሉ። ገዳዩን ሳይሆን ማለቂያውን የሚደብቁ፣ ሌላ ምዕራፍ ለመሸጥ ብለው ምንም ሳይፈቱ የሚቋረጡም አሉ። የመንትያውን ፊልም አይተን ስንጨርስ አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ይህ ማታለል ነው» ብላ ተነሣች። ከዚህ የተሻለ ሂስ ልጨምርበት አልችልም።

ማታለልንና ጥበብን የሚለያቸውን መስመር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ልጆች ሆነን ምሽት ላይ «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልህ» ብለን እንመልስ ነበር። መልሱን ያላገኘ ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይነግረዋል። የእንቆቅልሽ ሕጉ ማንም ባይጽፈውም ጥብቅ ነበር። መልሱ ሁላችንም የምናውቀው ነገር መሆን አለበት፤ ጥላ፣ እንቁላል፣ እሳት፣ መንገድ። ማንም የማያውቀውን ነገር መልስ ያደረገ ልጅ አገር አይሰጠውም ነበር፤ ይጮኹበታል። መልሱ ሲነገር «አዬ፣ አጠገቤ ነበር እኮ!» የሚያሰኝ ቁጭት ከሌለው እንቆቅልሽ አይደለም።

እንግሊዞቹ ይህንኑ ሕግ በወረቀት አሰፈሩት። ሮናልድ ኖክስ የሚባል፣ ቄስም የመርማሪ ልቦለድ ጸሐፊም የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 ለዚህ ዘውግ ዐሥር ትእዛዛት አወጣ። ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ የተጠቀሰ ሰው መሆን አለበት፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ለአንባቢው ማሳየት አለበት፤ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ መንትዮች አስቀድሞ ሳይጠቆሙ አይመጡም። አክስቴ ኖክስን አታውቀውም፤ ግን በሁሉም ላይ ይስማማሉ።

አሁን ወደ ወሩ ትልቁ ምሽት ልምጣ። የደቡብ ኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራው ፊልም ነው፤ «የግድያ ትዝታዎች» ልበለው። መነሻው እውነተኛ ነው። ሁዋሶንግ በሚባል የገጠር አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 ዐሥር ሴቶች ተገድለዋል። ፊልሙ ሲሠራ ገዳዩ አልታወቀም ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ጸሐፊው የሚደብቀው ምስጢር የለውም፤ እርሱም አያውቀውም። ታዲያ ከሁለት ሰዓት በላይ ምን ያሳየናል?

የሚያሳየን መርማሪዎቹን ነው። የገጠሩ መርማሪ የሰውን ዐይን አይቼ ወንጀለኛን አውቃለሁ ብሎ ያምናል። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበትን ልጅ ይይዛል፤ ይደበድባል፤ ማስረጃም ይፈጥርበታል። ከሴኡል የመጣው መርማሪ በዚህ ይጸየፋል፤ እርሱ የሚያምነው ሰነድ ነው። ግድያው እየቀጠለ ሲሄድ፣ ማስረጃው እየተንሸራተተ ሲሄድ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። መጨረሻ ላይ ሽጉጥ ይዞ፣ ተጠርጣሪውን ካልገደልኩ ብሎ የሚቆመው በሰነድ የሚያምነው ሰው ነው። እኛም ከእርሱ ጋር ነን። ይህ ነው የሚያስፈራው። ቤታችን ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ «ይኸው ነው፤ እርሱ ነው» ይል ነበር። ማስረጃ አልነበረንም፤ ማመን ስለፈለግን አመንን።

ሻምበል በዚያ ምሽት አንድ ቃል አልተናገሩም። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሻይ ቀርቦላቸው ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉ፦ «ዐይን አይቼ አውቃለሁ የሚል መርማሪ እግዚአብሔር አያምጣብህ። እኔ እንደዚህ ከሚሉ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። ከመቱት በኋላ ሁሉም ሰው ዐይኑ የወንጀለኛ ይመስላል።»

የታሪኩ ቀሪ ከፊልሙ ውጭ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዘረ መል ምርመራ ገዳዩ ተገኘ። የሚስቱን እኅት በመግደል ተፈርዶበት ከብዙ ዓመታት ጀምሮ እስር ቤት ነበር። ዐሥሩንም ግድያዎች፣ ከዚያም በላይ፣ እንደፈጸመ አመነ። የይርጋው ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2006 ስላለፈ በእነዚያ ግድያዎች ሊከሰስ አልቻለም። በአንደኛው ግድያ ግን ሌላ ሰው ተፈርዶበት ሃያ ዓመት ያህል ታስሮ ነበር። ያ ሰው በምርመራ ወቅት ድብደባ ተፈጽሞብኝ ነው የእምነት ቃል የሰጠሁት ብሎ ለዓመታት ሲጮህ ኖሮ፣ ነፃ መሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠለት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ነው። ፊልሙ በልቦለድ ያሳየን ድብደባ በሕይወት የአንድን ሰው ጉልምስና በልቶ ነበር።

የፊልሙ የመጨረሻ ምስል ከዓመታት በኋላ ወደ መጀመሪያው የግድያ ቦታ የተመለሰው የገጠሩ መርማሪ ፊት ነው። ቀጥታ ወደ ካሜራው ያያል። ቦንግ ገዳዩ አንድ ቀን ፊልሙን ያየዋል ብሎ ስላመነ ዐይን ለዐይን እንዲገጥሙ ፈልጎ እንደሆነ ተናግሯል። አሁን ስናውቀው ያ ሰው በእስር ላይ ሆኖ ፊልሙን አይቶታል።

ወጣት ጸሐፊዎች፣ ለዚህ ዘውግ ያለኝ ፍቅር የሚመነጨው ከዚህ ነው። እኛ አገር ጥርጣሬ በፍጥነት ይፈርዳል። በሰፈር ዕቃ ከጠፋ ሠራተኛዋ ናት። ገንዘብ ከጎደለ ባለፈው ሳምንት የመጣው ዘመድ ነው። ሰምተን ሳንጨርስ ስም እንሰጣለን። ጥሩ የወንጀል ታሪክ ተመልካቹን እንዲጠረጥር ያደርገዋል፤ ከዚያ በራሱ ጥርጣሬ ላይ እንዲጠራጠር ያደርገዋል። ያልበደለችን ሴት ለአርባ ደቂቃ ከጠረጠርኳት በኋላ ንጽሕናዋን ሳይ የሚሰማኝ ኀፍረት ከማንኛውም ስብከት ይልቅ ይሠራብኛል። ይህን ኀፍረት ሊያመጣ የሚችለው ግን ማስረጃውን ሁሉ አስቀድሞ ያሳየኝ ጸሐፊ ብቻ ነው። ደብቆኝ ከነበረ «አንተ አታለልከኝ» እለዋለሁ። አሳይቶኝ ከነበረ የምወቅሰው ራሴን ነው።

አንድ ምሽት ከፊልም መሃል መብራት ጠፋ። ገዳዩ ሊታወቅ ጥቂት ሲቀረው ነበር። ሻማ ተለኮሰ፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። እያንዳንዱ ሰው ያየውን ይዞ ይከራከር ጀመር። አንዷ ጎረቤታችን የአትክልተኛው ጫማ በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ደረቅ እንደነበረ አስታወሰች፤ ማናችንም ልብ አላልነውም ነበር። ያ ክርክር ለእኔ ከፊልሙ መጨረሻ ይበልጥብኛል። የሳምንት ድራማ ጥቅሙም ይኸው ነው፤ በሁለት ክፍሎች መካከል ያለው ሳምንት ተመልካቹ የሚያስብበት ጊዜ ነው። ክፍሎቹን ሁሉ በአንድ ሌሊት የጨረሰ ሰው መልሱን ያውቃል እንጂ ጥያቄው ውስጥ አልኖረም። አሜሪካኖቹ «ትዊን ፒክስ» በተባለው ድራማቸው ይህን አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1990 «ሎራ ፓልመርን ማን ገደላት?» የሚለው ጥያቄ አገሩን ያዘ፤ ጣቢያው በፈጣሪዎቹ ላይ ግፊት አድርጎ መልሱን አስነገረ፤ ተመልካቹም ከዚያ በኋላ እየቀነሰ ሄደ።

ገንዘብ የለንም የሚለውን ነገር በዚህ አዳራሽ ሳልመልስ አልወርድም። አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውና ርእሱ በጃፓንኛ «ገነትና ሲኦል» የሚል ትርጉም ያለው ፊልም አለ። አንድ የጫማ ፋብሪካ ሀብታም ኃላፊ ልጁ እንደታገተ ይነገረዋል። አጋቹ ሠላሳ ሚሊዮን የን ይጠይቃል። ወዲያው ግን የታገተው በስሕተት የሹፌሩ ልጅ መሆኑ ይታወቃል። ሀብታሙ ያለ የሌለ ገንዘቡን ፋብሪካውን በእጁ ለማስገባት አዘጋጅቶታል፤ ከከፈለ ይደኸያል። ለሹፌሩ ልጅ ይከፍላል? የፊልሙ የመጀመሪያ ክፍል ከሞላ ጎደል የሚያልቀው በአንድ ሳሎን ውስጥ ነው። ስልኩ፣ መጋረጃው፣ ወለል ላይ ተኝተው የሚያዳምጡት ፖሊሶች፣ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ የቆመው ሹፌር። ሹፌሩ ይለምን ዘንድ አይችልም፤ ዝም ይል ዘንድም አይችልም። እገታ ዛሬ ለእኛ የፊልም ወሬ አይደለም፤ እዚህ ከተቀመጥነው መካከል ቤዛ ሲሰበሰብ ያዋጣ ሰው አይጠፋም። ይህን ፊልም ስናይ አክስቴ ስታለቅስ ነበር።

ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 ያዘጋጀው «12 ቁጡ ሰዎች»ም እንዲሁ በአንድ ክፍል ውስጥ የሚያልቅ ነው። አንድ ወጣት አባቱን ገድሏል ተብሎ ተከሷል፤ ለፍርዱ ከሕዝብ የተመረጡ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይወስናሉ። ሉሜት ያደረገውን ልብ በሉ። በመጀመሪያው ሲሶ ካሜራው ከሰዎቹ ዐይን ከፍ ብሎ ያያል፤ በሁለተኛው ከዐይናቸው እኩል ይሆናል፤ በመጨረሻው ከዐይናቸው ዝቅ ስለሚል ጣሪያው መታየት ይጀምራል። ሌንሱንም እያረዘመ ስለሄደ ግድግዳው ወደ ሰዎቹ የተጠጋ ይመስላል። ክፍሉ ያው ነው፤ የሚጠበው በእኛ ውስጥ ነው። ይህ ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል? ካሜራውን ዝቅ ማድረግ።

ለእኛ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ተቀምጦልናል። አባቶቻችን ወንጀል ተፈጽሞ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጪኝ ይቀመጡ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። የአካባቢው ሰው ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። እያንዳንዱ በተራው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ጉባኤው ይቀጥላል፤ ካልወጣ ጉዳቱን ሕዝቡ በጋራ ይከፍላል። ሻምበል ይህን ሲተርኩልኝ የእንግሊዛዊቷን የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ የአጋታ ክሪስቲን ታሪኮች አስታወስኩ፤ ሁሉም ተጠርጣሪ የሆነበት፣ ማንም መውጣት የማይችልበት ቤት። እኛ ግን ቤት አይደለም ያለን፤ ቀበሌ በሙሉ ነው። ኩሮሳዋ በ«ራሾሞን» አንድን ግድያ በተለያየ አንደበት እንድንሰማ አደረገና እ.ኤ.አ. በ1951 የቬኒስን ከፍተኛ ሽልማት ወሰደ። አውጫጪኝ ላይ የሚናገረው አንደበት ስንት ነው?

በላ ልበልሃን ጨምሩበት። ከሳሽና ተከሳሽ በግጥም፣ በምሳሌ፣ በአነጋገር ስልት ሲሟገቱ፣ መንገደኛ ቆሞ ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ነን። የችሎት ድራማ ከውጭ መዋስ የለብንም።

ስለዚህ ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከእናንተ መካከል እንዲነሣ እለምናለሁ። አድራጊውን ከመጀመሪያው ትዕይንት ያሳየኝ። ሰፈሩ የሚወደው፣ ለቅሶ ላይ ቀድሞ የሚደርስ፣ ዕድር የሚያስተባብር ሰው ይሁን። ከዚያ ጉባኤው ይቀመጥ። ጊዜው የአጨዳ ይሁን፤ እህሉ በማሳ ላይ እየረገፈ ሰው ተቀምጦ ይዋል። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ለማየት ትለምን፤ ትጠርጠር። አድራጊው ይነሣና ይማልዳት። በመጨረሻ ሕዝቡ ይክፈል ሲባል ምንም የሌላት አሮጊት በግዋን ትሽጥ፤ ገዳዩ ድርሻውን ከፍሎ ለእርሷም ሊከፍልላት ይጠይቅ። ተመልካቹ ይህን ሁሉ እያወቀ ይመልከት።

ረቂቅ ያለው ሰው ይዞልኝ ይምጣ። ሻምበልም ለማንበብ ፈቃደኛ ናቸው፤ የምርመራውን ክፍል ያለ ምሕረት ያርሙላችኋል። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኋላ ወንበር እጅሽን ያነሣሽው እኅቴ፣ አንቺ ጀምሪ።